ነጭ አመድ

እጄን ይቅር በሉኝ፣ ላምባ ላምባ ቢሸት፣
ስድሳ ዓመት ታጥቦ ሳሙና ሰነፈበት።
በኮሚዣ ወደብ የማሾ ሐኪም ነበርኩ፣
የስንቱን ነሐስ ጉሮሮ በመርፌ ጠረግኩ።

በአያቴ ዘመን ማሾ መች ነበር፣
ጥድ ነው የሚነደው በጀልባው ግንባር፣
በብረት ቅርጫት ላይ ሙጫው ሲንጫረር።
ለአንድ ሌሊት ሰርዲን አንድ ጋሪ ማገዶ፣
ተራራችን አለቀ ከሥሩ ተማግዶ።
ከዚያ ካርባይድ መጣ፣ ውኃ ሲነካው የሚቆጣ፣
ነጭ ሽንኩርት የሚሸት፣ ሲሻው ፈንድቶ የሚወጣ።
ከአጎቴ ከባርቱል ሦስት ጣት በልቶበት፣
የወይን ብርጭቆውን ጨበጠ በቀሩት።

በመጨረሻ አንቺ መጣሽ፣ ከበርሊን፣ በመርከብ፣
ገለባ ለብሰሽ እንደ እንቁላል፣ በሳጥን ድርብርብ።
አባቴ ፕሮሽፔር ፈረመብሽ በዕዳ፣
ሁለት በርሜል ወይን፣ ገና ያልተቀዳ።
መመሪያሽ ጀርመንኛ፣ አንባቢ ጠፋለት፤
ከትንሽ ወረቀት ካልሲ ወጣለት፣
የጨቅላ እግር የምታህል፣ ወንፊት የመሰለች፣
"ለማን ነው?" አለች እናቴ፣ ስምንት ወሯ ነበረች፣
ሆዷን እየዳሰሰች።

ከአፍንጫሽ አሰራት። ክብሪት ጫረ።
ጠቆረች፣ ተኮማተረች፣ ነጣች፤ የቀረው አመድ፣
"አቃጠልካት!" ብላ ጮኸች፣ ተነሣች ልትሄድ።
እሱ ፓምፑን ያዘ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ሠላሳ ሲሞላ፣ ሽ... አለ ከውስጥ፣
ላምባው ትንፋሽ ሆኖ ባመዷ ሲያልፍባት
አመዷ በራች።

እንዲህ ያለ ብርሃን ቤታችን አያውቅም፤
የጣሪያው ጥቀርሻ፣ የግድግዳው እርጥበት፣ ምንም አልተደበቀም።
እናቴ ደንግጣ ራሷን ሸፈነች በእጇ፤
ያን ማታ ነው ሁለት ሽበት ያየሁባት፣ እኔ ልጇ።

ጨረቃ የሞላች ለት መረቡ ይሰቀላል፣
ጨለማ ሲወፍር ቤታችን ይበላል።
"ሰርዲን ሞኝ ነው" ይላል አባቴ፣ "ፀሐይ ወጣች ይላል፤
ከጥልቁ ተነሥቶ ለሞቱ ይሰለፋል።"
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ ፓምፕ መምታት፣
ዓይንሽ ሲቀላ ነፍስ መዝራት።
ማንም አይስል፣ ማንም አይስቅ፤ አባቴ በሹክሹክታ
"አመድ ናት፣ አትንኳት" ይላል፣ ማዕበሉን ትቶ እኛን ሲቆጣ።

በጦርነቱ ዓመት ብርሃን ተከለከለ፣
ባሕር ላይ መብራት ያየ ይተኩስ ተባለ።
አባቴ በዘይት ጨርቅ ገነዘሽ እንደ ሬሳ፣
ከወይኑ ሥር ቀበረሽ፤ ቦታሽን እንዳልረሳ
ሦስት ድንጋይ አስቆጠረኝ።
ድንጋዮቹ አሉ። እሱ አልተመለሰም።

ቆፍሬ ሳወጣሽ አረንጓዴ ሆነሻል፣
የፓምፕሽ ቆዳ ደርቆ ትንፋሽ ነጥፎብሻል።
በሩ ሥር የተዋትን ያባቴን ጫማ አነሣሁ፣
ምላሷን በመቀስ ቆርጬ፣ በዘይት አርሼ ሰፋሁ።
ነፋሁሽ። ያዝሽ።
ከዚያች ቀን ጀምሮ የተበላሸ ሁሉ ወደኔ መጣ፣
እኔም ሌላ ሙያ ሳልመኝ ፀጉሬ ነጣ።

አሁን ጀልባው ሁሉ ሞተር አለው፣ አምፖል አለው፣
ሰርዲኑም ተማረ መሰለኝ፣ ቁጥሩ እያነሰ ነው።
ትናንት የምግብ ቤቱ ሰው መጣ፣ ዱዬ፣ የጎረቤት ልጅ፤
"ሆዷን በስተን አምፖል እንክተት፣ ትሰቀል ከደጅ።"
ዋጋውን ጠራ። መጥፎ አይደለም።
ጣሪያዬ ያፈሳል፤ እህቶችሽን ሁለቱን ሸጥኩለት፣ አልዋሽም።
አንቺን አሳየሁት እንጂ
እጁን ሲዘረጋ ሳጥኑን ከደንኩበት።

ዛሬ የደቡቡ ነፋስ ምሰሶውን ጥሎታል፣
ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጨልሟል።
አወጣሁሽ።
ጉልበቴ እንደ ድሮ አይደለም፤ አሥራ አምስት ላይ አረፍኩ፣
ቀሪውን አሥራ አምስት ቆሜ ጨረስኩ።
ሽ... አልሽ።

በሩን ማንም አልጠራ፣ ማንም አላንኳኳ፤
ሕፃን ይዘው፣ ወንበር ይዘው ገቡ፣
ዱዬም ከኋላ፣ ኮፍያውን አውልቆ።
ዙሪያሽን ተቀመጡ፣ ፊታቸው ነጭ፣ አፋቸው ክፍት።
ሰርዲን ሞኝ ነው፣ ይል ነበር አባቴ።